በር የሚዘጋ ወንበር

በእኛ የመርካቶ ተራ፣ ሱቅ በብረት የሚዘጋው ማታ ብቻ ነው። ቀን ቀን የሚዘጋው በወንበር ነው።

ነገሩ ለእንግዳ ሰው ትንሽ ግራ ያጋባል። ባለ ሱቁ ሰላት ሲደርስበት፣ ወይም ለአንድ ጉዳይ ብቅ ማለት ሲፈልግ፣ ወንበሩን ያነሳና ደፉ ላይ አጋድሞት ይሄዳል። ዕቃው እንደተዘረጋ ነው፣ አምፖሉ በርቷል፣ ሬዲዮው ያወራል፣ ባለቤቱ ግን የለም። ደንበኛ መጥቶ ወንበሩን ሲያይ ጎረቤቱን «አሁን ነው የሄዱት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ቆሞ ይጠብቃል። የቸኮለ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ወንበሩን ገፋ አድርጎ የገባ ሰው ግን እዚህ ተራ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ አላየሁም። መርካቶ ሌባ የለም እያልኩ አይደለም። ሞባይል ከጆሮ ላይ ይወስዳሉ። በወንበር የተዘጋ ሱቅ ውስጥ ግን አይገቡም። ምክንያቱን በደንብ አላውቀውም፤ ምናልባት ወንበር የሚሻገር እግር ከሩቅ ስለሚታይ ይሆናል።

ከወንበሮቹ ሁሉ የታወቀው የጋሼ ሽኩር ነው። ጋሼ ሽኩር ገመድና ጆንያ ይሸጣሉ። እኔ ከእሳቸው ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ሱቅ የልብስ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር እሸጣለሁ። ከእኔ ቀጥሎ እትዬ አበራሽ አሉ፤ ባልዲ፣ ጆግና ሳፋ ነው ሥራቸው። ሁለቱ አዛውንቶች እኔን መሀል አድርገው ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውላሉ። አንዳቸው ሲታመሙ ግን ሌላኛቸው ያን ቀን ለደንበኛ ዋጋ አይቀንሱም፤ ይከፋቸዋል።

የጋሼ ሽኩር ወንበር እንደ ወንበር ከታየ ያሳፍራል። አንዱ እግሩ ከሌላ ወንበር የመጣ ነው። መደገፊያው ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ነው። መቀመጫው ከራሳቸው ሱቅ በወጣ ገመድ ተጠላልፎ የተሠራ ነው።

«ይሄ ወንበር አይደለም፣ እርስ በርሱ የተጣላ እንጨት ነው» ይላሉ እትዬ አበራሽ።

«ያንቺ መጥረጊያስ?» ይላሉ ጋሼ ሽኩር። እትዬ አበራሽ በየወሩ ተክለ ሃይማኖት ለመሳለም ሲሄዱ ደፋቸው ላይ የሚያጋድሙት መጥረጊያ ነው። እስኪመለሱ ድረስ ባልዲዎቹን የሚጠብቁት ጋሼ ሽኩር ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሲሰግዱ ገመዱን የሚጠብቁት እትዬ አበራሽ ናቸው። ስለዚህ ውለታ ሲነጋገሩ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ጋሼ ሽኩር ወንበሩን የሚወዱበት ሌላ ምክንያትም አለ። የሱቃቸው የብረት መዝጊያ ዝጎ ከመስመሩ ወጥቷል። ጠዋት ስንከፍተው እኔና እሳቸው ሆነን ነው፤ ማታም እንደዚያው። እኔ ከስር እገፋለሁ፣ እሳቸው በግራ እጃቸው ይስባሉ። ቀኝ ትከሻቸው ድሮ ጆንያ ሲያራግፉ ከመኪና ላይ ወድቀው ከተሰበረ ጀምሮ ወደ ላይ አይነሳም። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ መዝጊያውን ያለ ፈቃድ መቀየር አይቻልም። ፈቃድ ጠይቀዋል። «ጥናት ላይ ነው» ተብለዋል። ይህ ከተባለ ወዲህ ልጃቸው ሀፍሷ ሁለት ጊዜ ወልዳለች።

አንድ ቀን ጠዋት የወረዳው መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በተራችን አለፈ። ስለ ሕንፃና ሱቆች አያያዝ አዲስ መመሪያ ሊወጣ ስለሆነ፣ ነዋሪውና ነጋዴው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ተገኝቶ ሐሳቡን በነፃነት እንዲሰጥ ተጋብዟል አለ። ረቂቁ መብራት እንጨቱ ላይ ተለጠፈ። ጋሼ ሽኩር መነጽራቸውን ቤት ረስተው ስለነበር እኔ አነበብኩላቸው። የሱቅ ፊት ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባ፣ የተቀደደ ሸራ ይውረድ፣ የተበላሸ የውሃ ቦይ ይጠገን ይላል። ይህን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ከዚያ ቀጣዩን አነበብኩ።

«ከሱቅ ደጃፍ ላይ ሣጥን፣ ወንበር፣ ዱላና መሰል ቁሳቁስ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ባለቤቱ ከሱቁ በወጣ ቁጥር የብረት መዝጊያውን በአግባቡ መዝጋት አለበት።»

«ወንበር ነው ያለው?» አሉ ጋሼ ሽኩር።

«አዎ ጋሼ።»

«የእኔን ወንበር?»

«ስም አልጠቀሰም።»

እትዬ አበራሽ ከኋላችን መጥተው አንገታቸውን አስገቡ። «መጥረጊያ ይላል?»

«አይልም እትዬ።»

«እሰይ! እኔ ነፃ ነኝ።»

«‹መሰል ቁሳቁስ› ይላል ግን።»

«ውይ፣ እሱ እኔ ነኛ!»

ጋሼ ሽኩር አልሳቁም። ወደ ሱቃቸው ተመልሰው የብረት መዝጊያውን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ለእኛ ሳይሆን ለመዝጊያው የሚናገሩ ይመስል ዝግ ብለው ተናገሩ። «ለዙሁር ሰላት ላውርድህ፣ ከዙሁር ስመለስ ላንሳህ። ለአስር ደግሞ ላውርድህ። ካንተ ጋር ስታገል ኢማሙ ሰግደው ይጨርሳሉ።» ወደ እኛ ዞሩና ጨመሩ። «ወይ እዚሁ ጆንያ መሀል ለብቻዬ እሰግዳለሁ፣ ወይ ሱቁን ትቼ ሀፍሷ እንዳለችው ቤት እቀመጣለሁ። ሦስተኛ መንገድ የለም።»

ሀፍሷ «አባዬ፣ በቃህ፣ ዕረፍ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። እሳቸው ደግሞ ከጎረቤት ጎን ሆነው በጀማዓ የሚሰግዱትን ሰላትና ሱቃቸውን ካጡ ምን እንደሚቀራቸው እኛም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ። እትዬ አበራሽ እንኳ ያን ቀን ስለ ወንበሩ አልቀለዱም።

በማግስቱ ግን እትዬ አበራሽ ወደ ራሳቸው ተመለሱ። «ስብሰባው ላይ በሪሁን ይናገርልን» አሉ።

በሪሁን እኔ ነኝ። «እኔ?» አልኩ።

«አንተ። እኔ ከተናገርኩ ስለ ውሃ ቦዩ እጀምርና ወንበሩን እረሳዋለሁ። ሽኩር ከተናገረ ይጣላል።»

«እኔ ከማን ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ?» አሉ ጋሼ ሽኩር።

«ትናንት ከሬዲዮው ጋር ተጣልተሃል።»

«እሱ ውሸት ሲያወራ ነዋ!»

እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ደንበኛ ከበዛ ዋጋ የምናገረው ዚፑን እያየሁ ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። «እሱ እኮ ሲናገር አይሰማም» አሉ ጋሼ ሽኩር።

«ጥሩ ነዋ» አሉ እትዬ አበራሽ። «ለመስማት ይጠጋሉ። ሲጠጉ ደግሞ መልኩን አይተው ያዝናሉ።»

ሐሙስ ደረሰ። ከምሳ በኋላ ጋሼ ሽኩር ወንበሩን፣ እትዬ አበራሽ መጥረጊያውን አጋደሙ። እኔ ባለ ወንበር ስላልሆንኩ የሱቄን በር ዘጋሁ፤ በሬ አንዲት ቀጭን ሳንቃ ናት። ሦስታችንም ወደ አዳራሹ ሄድን።

አዳራሹ ሁለት በር ነበረው። አንዱ በሚስማር ተመትቶ ተዘግቷል። የግድግዳው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላልጦ ወርዷል። ከፊት ለፊት የወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ወይዘሮ ማሂራ ተቀምጠዋል፤ ሰፋ ያሉ፣ ፈገግታ የማያጣቸው ሴት ናቸው። ከጎናቸው መመሪያውን ያረቀቀው የደንብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አለ። ወልደሚካኤል ይባላል። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሱፉን በጥንቃቄ የለበሰ፣ ላፕቶፑን እንደ ታቦት የያዘ ሰው ነው። ተራችን ሞልቶ መጥቷል። ወንበር ስላልበቃ ቋሚውም ብዙ ነበር። ጋሼ ሽኩር አየር ያስፈልገኛል ብለው በሩ አጠገብ አንድ የአዳራሹን ወንበር ያዙ።

ወልደሚካኤል በፕሮጀክተር ፎቶ እያሳየ ማብራራት ጀመረ። በፎቶዎቹ ላይ የእኛ ተራ ነበር። የራሳችንን ሱቅ ግድግዳ ላይ ስናየው ሁላችንም «ኧረ ያ የኔ ነው!» እያልን ስለተነሳን ስለ ጉድለታችን የተናገረውን በደንብ አልሰማነውም። ሲጨርስ መድረኩ ክፍት ተደረገ።

መጀመሪያ የተነሳው በሽር ነው። በሽር ጫማ ነጋዴ ነው፤ ስብሰባ የሚመጣው ለቀልድ ነው ይሉታል። «አመሰግናለሁ። ይሄ የቀለምና የጥገና ደንብ ለዚህ አዳራሽም ይሠራል ወይ?»

ሳቅ ሆነ። ወልደሚካኤል ቀላ። ወይዘሮ ማሂራ ግን ማይኩን ወሰዱና «ይሠራል። ጥናት ላይ ነው» አሉ። ሳቁ ጨመረ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ የቀለም ክርክር መጣ። ግማሹ ክሬም ይሁን አለ፣ ግማሹ ግራጫ። አንዱ ክሬም ይቆሽሻል አለ፣ ሌላው ግራጫ ከመጀመሪያውም የቆሸሸ ይመስላል አለ። በሽር ሳይፈቀድለት ከመቀመጫው ሆኖ «የፈለጋችሁትን ቀቡ፤ አቧራው በሳምንቱ የራሱን ይቀባዋል» አለ። በመጨረሻ ክሬም አሸነፈ።

እትዬ አበራሽ እንደ ፈሩት ማይኩ እጃቸው ሲገባ ስለ ውሃ ቦዩ ጀመሩ። ከላይኛው ፎቅ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ቀጥታ የሚሸጡ ባልዲዎቻቸው ውስጥ እንደሚገባ፣ ደንበኛ ባልዲው ያገለገለ እየመሰለው ጥሎ እንደሚሄድ በእጃቸው እያሳዩ ተናገሩ። «እኔ ባልዲ ነጋዴ ነኝ ወይስ ውሃና ፍሳሽ?» ብለው ጠየቁና ተቀመጡ። ወንበሩን ረሱት። ከተቀመጡ በኋላ ትዝ አላቸውና በክርናቸው ጎሸሙኝ።

እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ ለማለት ይከብደኛል፤ እትዬ አበራሽ ናቸው ያነሱት። ማይኩ መጣ። ድምፄ በማጉያው ሲወጣ የሌላ ሰው መስሎኝ ዘወር ብዬ አየሁ።

«ስለ ወንበሩ ነው» አልኩ። «ወንበሩ ይነሳ... ማለቴ...»

«አመሰግናለሁ» አለ ወልደሚካኤል ፈጠን ብሎ። «ረቂቁን የሚደግፍ አስተያየት ነው፤ ይመዝገብ።»

«ምን ይደግፋል! ይቃወማል እንጂ!» አሉ እትዬ አበራሽ ያለ ማይክ። «እንዳይነሳ ነው የሚለው! ልጁ አፍሮ ነው!»

ያን ጊዜ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የቀረኝን ድምፅ ሰብስቤ፣ ማይኩን እያየሁ ተናገርኩ። ሰው ሲሰግድ ወይም ሲሳለም ወንበር አጋድሞ እንደሚሄድ፣ ማንም አልፎት እንደማይገባ፣ መዝጊያቸው የተበላሸ አዛውንቶች ያለ ወንበር ሱቃቸውን መጠበቅ እንደማይችሉ አስረዳሁ። ጋሼ ሽኩርን በስም አልጠራሁም፤ ተራው ሁሉ ግን ወደ በሩ ዞሮ እሳቸውን አየ።

ወልደሚካኤል በትዕግሥት ሰማኝ። መጥፎ ሰው አልነበረም። «ስሜቱ ይገባኛል» አለ። «ግን ወንበር በር አይደለም። ማንም ሰው እግሩን አንስቶ ሊያልፈው ይችላል። መመሪያ በልማድ ላይ አይቆምም፤ ወንበር ሰው እንደሚያስቆም የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃ አላችሁ?»

ማስረጃ አልነበረኝም። ወንበር የማይሻገር ሰው ምን ማስረጃ ይተዋል? ሰው ሲገባ ነው እንጂ ሳይገባ ሲቀር ምልክት የለውም። ተቀመጥኩ።

ጋሼ ሽኩር እጃቸውን አወጡ። የግራቸውን ነው፤ ቀኙ አይነሳማ። ማይኩ ሰው በሰው እየተቀባበለ ወደ እሳቸው ሲሄድ ከውጭ የአስር አዛን ተሰማ። ወይዘሮ ማሂራ «መስገድ የምትፈልጉ ሰግዳችሁ ተመለሱ፤ እኛ ቀስ እያልን እንቀጥላለን። እኔ ሲያልቅ እሰግዳለሁ» አሉ። በበሩ ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ተነስተው ወጡ። ጋሼ ሽኩር ማይኩን አዩ፣ በሩን አዩ። ከዚያ ማይኩን ለአጠገባቸው ሰው ሰጥተው ተነሱ። የመጨረሻው ወጪ እሳቸው ነበሩ። የተቀመጡበትን ወንበር አነሱ፣ በሩ ላይ አጋደሙት፣ አቧራውን ከእጃቸው አራገፉና ሄዱ።

እኔ አይቻቸዋለሁ። ምንም አልመሰለኝም።

እንደወጡ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩም ማይኩም ዝም አሉ። አዳራሹ ሞቀ፤ ሰው በረቂቁ ወረቀት ፊቱን ማራገብ ጀመረ። ወይዘሮ ማሂራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እንግዲያው የሻይ ዕረፍት ይሁን፤ ውጭ ሻይና ቆሎ ተዘጋጅቷል» አሉ።

ቆሎ ሲባል ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሳ። ወደ በሩ ተጋፋን። ከዚያ ፊት ያለው ሰው ቆመ። ከእሱ ኋላ ያለው ቆመ። እንዲህ እንዲህ እያለ መቆሙ እኔ ጋ ደረሰ፣ ከእኔም አልፎ መድረኩ ጋ ደረሰ።

«ምንድን ነው? ለምን አትወጡም?» አለ ወልደሚካኤል ከኋላ።

«ወንበር አለ» አለ በሽር። ይህን ጊዜ እየቀለደ አልነበረም።

«የምን ወንበር?»

«በሩ ላይ ወንበር አለ።»

ወልደሚካኤል ሰውን ይቅርታ እየጠየቀ እያለፈ መጣ። እትዬ አበራሽና እኔም ተከትለነው ፊት ደረስን። ወንበሩን አየው። ቀላል ነገር ነው፤ የአዳራሹ የራሱ ወንበር ነው፣ ጀርባው ላይ እንኳ የወረዳው ቁጥር ተጽፎበታል። ከበሩ ማዶ ሻይ የያዘችው ሴት ትሪውን በሁለት እጇ ተሸክማ ቆማለች። እሷም አልገባችም። እንፋሎቱ ወደ እኛ ይመጣል፣ ሻዩ ግን አይመጣም።

«እስቲ አሳልፉኝ» አለ ወልደሚካኤል።

«ይሻገሩ» አሉ እትዬ አበራሽ መንገድ እየለቀቁ። «ማን ይከለክልዎታል? እኛ እናያለን እንጂ።»

እግሩን አነሳ። ያ ሁሉ ሰው፣ ገመድ ነጋዴው፣ ጫማ ነጋዴው፣ የበርበሬ ተራ ሴቶች ሳይቀሩ፣ አንዲት እግር እያዩ ቆሙ። እግሩ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብላ አየር ላይ ቀረች። ትንሽ ቆይታ ወረደች። ወልደሚካኤል ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረ። ጫማው ማሰሪያ የሌለው ዓይነት ነበር።

ከዚያ ጀዋር መጣ። ጀዋር ደንብ አስከባሪ ነው፤ በሰማያዊ የደንብ ልብሱ ተራችንን የሚዞረውና የተቀደደ ሸራ ባየ ቁጥር የሚቆጣን እሱ ነው። ለጄኔሬተሩ ቤንዚን በጀሪካን ይዞ እየሮጠ ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ እንደ በሬ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጀዋር፣ ግባ!» አለ ወልደሚካኤል።

«ወንበር አለ አቶ ወልደሚካኤል።»

«አየሁት! አንሳውና ግባ!»

«የማን ነው?»

«የአዳራሹ ነው!»

«አይ፣ ያጋደመው ማነው?»

ወልደሚካኤል አያውቅም፣ ሌላው ደግሞ አላየም። «ጋሼ ሽኩር ናቸው» አልኩ። ያለ ማይክ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁሉም ሰማኝ።

«ሰላት ላይ ናቸው?»

«አዎ።»

«ኧረ በቃ ይመጣሉ» አለ ጀዋር። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ፣ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ ሻይ ከያዘችው ሴት ትሪ ላይ አንድ ብርጭቆ አነሳ። ሊገባ የመጣ አንድ ሌላ ሰው ቢኖር እንኳ «ባለቤቱ የሉም» ሊለው የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

ከመድረኩ በኩል ድምፅ ሰማን። ወይዘሮ ማሂራ ናቸው። ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። «አቶ ወልደሚካኤል» አሉ፣ ትንፋሻቸውን ሲያገኙ። «ማስረጃ ጠይቀው አልነበር?»

ወልደሚካኤል ከጫማው ቀና አለ። «ይሄ ማስረጃ አይደለም» አለ። «ይሄ...» ምን እንደሆነ ቃል ፈለገ፣ አጣ፣ ተወው።

ጋሼ ሽኩር ከሌሎቹ ሰጋጆች ጋር ቀስ እያሉ ተመለሱ። አብረዋቸው የነበሩት ወንበሩን ሲያዩ ከኋላቸው ቆሙ። ጋሼ ሽኩር በበሩ ማዶ የታጨቀውን ሕዝብ አዩ።

«ምን ሆናችሁ? ምን አጋጠማችሁ?»

«ዘግተኸን ሄደህ ነዋ!» አሉ እትዬ አበራሽ። «መቶ ሰው እንደ ጆንያ ደርድረህ! ቆሎው እዚያ፣ እኛ እዚህ!»

«እኔ?» ወንበሩን አዩ። ከዚያ ግራ እጃቸውን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። «ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው» አሉ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ያውም ሰው ሁሉ እያየኝ! አሁን እንኳን ወንበሬን፣ ኮፍያዬንም ይወስዱብኛል።» ወንበሩን አንስተው ግድግዳ አስደገፉት፤ እንደ ልማዳቸውም «ግቡ» አሉን። እኛ ወጣን።

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ወልደሚካኤል ብቻውን ጥግ ላይ ቆሞ ጠጣው። ወንበር በር አይደለም ያለው እሱ ራሱ ሆኖ ለምን እንዳልተሻገረው የሚያስብ ይመስለኛል።

ከዕረፍት በኋላ የተነሳው ራሱ ነው። ማንም ሳይጠይቀው። «ስለ ወንበሩ» አለ፣ ትንሽ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ለጸሎት ወይም ለሰላት የወጣ ሰው እስኪመለስ ድረስ ወንበር ወይም መሰል ቁሳቁስ ማጋደም ይችላል ተብሎ ቢሻሻል ተቃውሞ የለኝም።» ጭብጨባ ሲጀመር እጁን አነሳ። «ነገር ግን! መመሪያው የአያያዝ መመሪያ ነው። ወንበሩ የደጃፉ አካል ከሆነ እንደ ደጃፉ ይጠገናል፣ እንደ ደጃፉም ይቀባል። ክሬም።»

«የእኔ ወንበር ምን ይጎድለዋል?» አሉ ጋሼ ሽኩር። «አራት እግር አለው።»

«አራቱም የየአገሩ ነው» አሉ እትዬ አበራሽ።

በአዳራሹ የነበሩት የምክር ቤቱ አባላት እጅ አወጡ። ማሻሻያው አለፈ። ጋሼ ሽኩር ሲጨበጨብላቸው አላጨበጨቡም፤ ከንፈራቸው ግን ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ አልሐምዱሊላህ እያሉ ነበር። ወደ ተራችን ስንመለስ ሦስታችንም ፈጥነን ሄድን። ወንበሩም መጥረጊያውም እንደ ተጋደሙ ነበሩ።

ወንበሩን ማሳደስ ሌላ ጦርነት ሆነ። ጋሼ ሽኩር እግሩን አላስቀይርም አሉ። እኔ ላላ ያለውን በሚስማር መታሁ፣ እሳቸው መቀመጫውን በአዲስ ገመድ ጠለፉ። ቀለሙን የቀቡት እትዬ አበራሽ ናቸው፤ ጋሼ ሽኩር ከጎን ቆመው «እዚያ ጋ ዘለልሽው» ሲሉ፣ እሳቸው ደግሞ «ሰላትህ አልደረሰም?» ሲሉ ዋሉ። ሲያልቅ ወንበሩ አማረ፤ ከሚገባው በላይ አማረ። ከመሳለሚያ የመጣ አንድ ደንበኛ ገመዱን ትቶ የወንበሩን ዋጋ ጠየቀ። ጋሼ ሽኩር ለብዙ ሰዓት ተቀይመው ዋሉ።

ቀለሙ ገና ሳይደርቅ የአስር ሰላት ደረሰ። ጋሼ ሽኩር ወንበሩን በሁለት ጣት ይዘው አጋደሙና ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ወልደሚካኤል ለቁጥጥር መጣ። ወንበሩን አየ፣ ቆመ። እትዬ አበራሽ አንድ ትልቅ ባልዲ ገልብጠው «እዚህ ዐረፍ ይበሉ» አሉት። ተቀመጠ። እትዬ አበራሽም ዕድሉን አላሳለፉትም፤ የውሃ ቦዩን ከመሠረቱ ጀምረው አስረዱት። በመሀል ጠጋ ብሎ መቀባቱን ለማረጋገጥ ወንበሩን በጣቱ ነካ። ጣቱ ክሬም ሆነ። የሚጠርግበት አጥቶ ጣቱን ወደ ላይ እንዳቀና ተቀመጠ።

ጋሼ ሽኩር ሲመለሱ እንዲህ ሆኖ አገኙት።

«ተቀብቷል» አለ ወልደሚካኤል ተነስቶ።

«አይቼዋለሁ» አሉ ጋሼ ሽኩር ጣቱን እያዩ። ወንበሩን አነሱና «ይግቡ» አሉት።

ገባ። ገመዱን አየ፣ ጆንያውን አየ። ሊወጣ ሲል ቀና ብሎ የብረት መዝጊያውን አየ። እርጥብ ያልነካውን እጁን ዘርግቶ ሳበው። አልተንቀሳቀሰም። ቦርሳውን አስቀምጦ በደንብ ሳበው። አንዲት ድምፅ አሰማ እንጂ አልወረደም። እጁን ሲመልሰው መዳፉ በዝገት ቀልቶ ነበር። በአንዱ እጁ ክሬም፣ በሌላው ዝገት ይዞ፣ ሁለቱንም እያፈራረቀ አያቸው።

«ይሄ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«ጥናት ላይ ነው» አሉ ጋሼ ሽኩር።